ወንድ አያየውም ብዬ ቃል የገባሁበት ቪዲዮ

ካሜራ ካስቀመጥኩ አንድ ክረምት አለፈ። ሐኪሙ የአንገቴን የራጅ ፎቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዞ እያየ፣ "ከዚህ በኋላ በዚህ ትከሻ ምንም እንዳትሸከሚ" አለኝ። በማግስቱ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የነበረችኝን ጠባብ የኤዲቲንግ ክፍል ለባለቤቱ አስረከብኩ። እስከ ዛሬ ግን ቅዳሜ ጠዋት ደንግጬ ነው የምነቃው። ባትሪው ሞልቷል? ካርዱ ባዶ ነው? የድምፅ መቅጃውን የት አደረግኩት? ከዚያ ማንም እንደማይጠብቀኝ ትዝ ይለኝና ተመልሼ እተኛለሁ፤ እንቅልፍ ግን አይመጣም።

ብዙ ሰው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሕይወት ጭፈራና ሥጋ ይመስለዋል። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በሰው ደስታ መሃል ፈርቼ ነው የኖርኩት። ሙሽራዋ ቀለበቱን የምታጠልቀው አንድ ጊዜ ነው። አባት የሚመርቀው አንድ ጊዜ ነው። ያመለጠኝን "እስቲ ድገሙልኝ" የምልበት ቦታ የለም።

አሁን ሥራውን የሚጀምሩ ወጣቶች ይደውሉልኛል። "እትዬ ማርታ፣ የቱን ፕሮግራም ልጫን? የቱን ካሜራ ልግዛ?" ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ሾኔ ከተማ ስለቀረጽኩት አንድ ሠርግ ግን ለማንም በስልክ ተናግሬ አላውቅም፤ ከሁሉም በላይ ማወቅ ያለባቸው ግን እሱን ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ሥራውን የጀመርኩት መናኸሪያው አጠገብ በነበረ ፎቶ ቤት ነው። አባቴ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፤ እኔም መምህርት እንድሆን ነበር ምኞቱ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ አልመጣ ሲል ፎቶ ቤቱ ውስጥ ቀጠሮ ጸሐፊ ሆንኩ። ባለቤቱ ጋሽ ሻሜቦ ይባሉ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ካኪ ኮት የሚለብሱ ሰው። አንድ ቅዳሜ ባውዛ የሚይዝላቸው ሠራተኛ ታመመና "ነይ፣ መብራቱን ያዢ" ብለው አንጋጫ ወደነበረ ሠርግ ወሰዱኝ። ያን ቀን ባውዛው እጄን አቃጠለኝ። የሙሽራዋ እናት በከምባትኛ እያዜሙ ሲያለቅሱ ደግሞ መብራቱን እንደያዝኩ አብሬ አለቀስኩ። ስንመለስ ጋሽ ሻሜቦ፣ "መብራቱ ተንቀጥቅጧል" ብቻ አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ይዘውኝ ሄዱ።

ሥራ ያስተማሩኝ በልማዳቸው ነው እንጂ በንግግር አልነበረም። በዚያን ጊዜ የምንቀርጸው በቪኤችኤስ ካሴት ነው። ካሴቱ ሲሞላ ከካሜራው አውጥተው፣ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በቢላዋ ጫፍ ይሰብሯታል። እሷ ከተሰበረች በኋላ በስህተት ላዩ ላይ ሌላ ነገር መቅረጽ አይቻልም። ይህን ሳያደርጉና ስሙን ሳይጽፉ፣ ምግብ ቀርቦ ሰው ቢለምናቸው እንኳ እጃቸውን አይታጠቡም። ካሜራውን ከማየታቸው በፊት ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። "ምስል ትንሽ ቢጨልም ሰው ይችለዋል። ምርቃቱ ካልተሰማ ግን ሠርጉ ዲዳ ነው" ይሉ ነበር። ሠርጉ ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ዕለት ቤቱን ያያሉ፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ሶኬቱ የት እንዳለ፣ ጄኔሬተሩን የት ሊያቆሙት እንዳሰቡ። ጄኔሬተሩ ከድንኳኑ ጀርባ ከሆነ እንዲያርቁት ይለምናሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ የዚያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባኝም ነበር። ስለ ቀረጹት ሰው አያወሩም። የሰከረ አጎት፣ የተጣሉ አማቾች፣ ጓዳ ገብታ ያለቀሰች ሙሽራ፣ ሁሉንም አይተዋል። አንድ ቀን ስለ አንዲት ሙሽራ እየሳቅኩ ላወራቸው ስጀምር፣ "ማርታ፣ ሰው በሩን የከፈተልን እንድናወራ አይደለም" ብለው አቋረጡኝ።

ካሴቱ ትንሽ ሆነ፣ ቀጥሎም ካርድ ሆነ፣ ኤዲቲንጉም ወደ ኮምፒውተር ገባ። ጋሽ ሻሜቦ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ኮምፒውተሩን ለእኔ ተዉልኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ሰው በፍላሽ ባመጣልኝ፣ ቁልፉ ተሰብሮ በተሰረቀ ፕሮግራም ነበር። አንድ የዱራሜ ሠርግ ሦስት አራተኛውን ከጨረስኩ በኋላ አልከፈትም አለኝ፤ ከፕሮግራሙ ጋር የገባው ቫይረስ ኮምፒውተሩን በልቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። በነፃ ከሠሪዎቹ የሚገኙ ጥሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዱን ምረጡና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መቁረጥ እስክትችሉ ተማሩት። በየወሩ ፕሮግራም የሚቀይር ሰው አንዱንም አያውቅም። የጀመራችሁት ሥራ ሳያልቅ ደግሞ አዲሱን ዕትም አትጫኑ።

ኮምፒውተሩንም ፈርታችሁ ግዙት። አሥራ ስድስት ጊጋ ራም ከሌለው ዛሬ ካሜራ የሚያወጣው ፋይል ያንቀዋል። ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ዲስክ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ይሁን። ፋይሉ ከከበደ ፕሮግራሙ ራሱ ቀለል ያለ ቅጂ እንዲሠራላችሁ እዘዙት፤ በቀላሉ ቅጂ ቆርጣችሁ መጨረሻ ላይ በዋናው ታወጣላችሁ። መጀመሪያ ድምፁን አስተካክሉ፣ ቀለሙ ይቆያል። ሥራው አልቆ ለቤተሰቡ በፍላሽ ከመስጠታችሁ በፊትም ተራ ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ እዩት። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሬ ላይ ያማረ ሠርግ የሙሽራው አባት ቴሌቪዥን ላይ አልነበብ ብሎ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ጥቁር መስታወት ሲያይ ቆይቷል። እኔም መሃላቸው ተቀምጬ ነበር።

የራሴን ክፍል ከተከራየሁ በኋላ ነው ከፎንቆ የአንድ ባለመጋዘን ነጋዴ ሚስት የመጣችው። በሙስሊሞቹ ሠርግ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ይቀመጣሉ። ወንድ ቀራጭ ወደ ሴቶቹ ወገን አይገባም። "የትልቋ ልጄን የሂና ሥነ ሥርዓት የሚያሳየኝ አንድም ፎቶ የለኝም" አለችኝ። "አንቺ ሴት ነሽ። ግቢና የታናሿን ቅረጪልን። ግን ማንም ወንድ አይየው።" ቃል ገባሁላት። ለሙሽራዋ ሰጥቼ የእኔን ቅጂ አጠፋሁ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ከገበያ ገበያ ሄደ። ከጃጁራ፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ ዙሪያ ሴቶች ይደውሉልኛል፤ ለሁሉም ያንኑ ቃል እገባለሁ። በሩ ተዘግቶ ሻርፑ ሲወልቅ፣ ጎበዝ ነጋዴዎችና ነርሶች የሆኑት ሴቶች እንደ ልጅ ሲጨፍሩ አያለሁ። ያን ክፍል የሚያህል የሥራ ቦታ አላውቅም። ክፍሎቹ ጠባብና ጨለም ያሉ ስለሆኑ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ ገዛሁ፤ ባውዛ አብርቼ ጭፈራውን ማቀዝቀዝ አልፈለግኩም። ፍርሃቴ ግን እጥፍ ሆነ። ድሮ የምፈራው ምስሉ እንዳይጠፋ ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ በሌላ ሰው እጅ እንዳይገኝም መፍራት ጀመርኩ።

የሾኔዋ ሙሽራ ሰሚራ ትባላለች። አባቷ ሐጂ ከድር የእህል ነጋዴ፣ እናቷ እትዬ ዘይነባ በከተማው የተከበሩ ሴት ናቸው። ሠርጉ እሑድ ሆነ። በሴቶቹ ክፍል ከሁሉም በላይ የጨፈረችው የሰሚራ ወንድም ሚስት ረውዳ ነበረች። ፀጉሯን ለቃ፣ በሀዲይኛ ግጥም እየደረደረች ሌሎቹን ታስቃለች። ካሜራዬም ከእሷ መለየት አልቻለም።

ሆሳዕና ተመልሼ ሁሉንም ወደ አንድ ውጫዊ ዲስክ ገለበጥኩ። ሁለተኛ ዲስኬ ሞልቶ ስለነበር "ነገ አጽድቼ እገለብጣለሁ" አልኩ። ቅዳሜ የምረቃ ሥራ ነበረኝና ረቡዕ ዕለት ካርዶቹን አጠፋኋቸው። ጋሽ ሻሜቦ ፕላስቲኳን ሳይሰብሩ እጃቸውን እንደማይታጠቡ እያወቅኩ፣ አንድ ቅጂ ብቻ እያለኝ ካርድ አጠፋሁ። ሐሙስ ከሰዓት መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሎ ሄደ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይልኝ ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ወራት አልፎት ነበር። መብራቱ ሲመለስ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ኮምፒውተሩም አላውቀውም አለ።

ያን ድምፅ የሰማ ቀራጭ ያውቀዋል። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ወደ ሾኔ መደወል ነበረብኝ። "እትዬ ዘይነባ፣ ዲስኩ ተበላሽቷል፤ ማዳን የሚችለው ወንድ ባለሙያ ነው፤ ምን ላድርግ?" ብል ኖሮ ውሳኔው የእነሱ ይሆን ነበር። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። ሳያውቁ አስጠግኜ፣ ሳያውቁ ጨርሼ እንደማስረክብ ለራሴ ነገርኩት። ዲስኩን በፎጣ ጠቅልዬ ከተማችን ውስጥ ኮምፒውተርና ስልክ ለሚጠግን አንድ ሰው ወሰድኩት።

"ምንድን ነው ያለበት?" አለኝ።

"ሠርግ" አልኩት። ሌላ ምንም አልነገርኩትም። ፋይሉን ሳትከፍት ገልብጥልኝ ማለት አፍሬ ተውኩት።

ሦስት ቀን ምግብ አልበላሁም ማለት ይቻላል። ሰኞ ጠዋት ደወለልኝና ሮጬ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ስልኩ እስኪሠራለት ይጠብቃል። ትልቁ ስክሪን ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። ሰውየው በሥራው ተደስቶ ነበር። "አንድም ፋይል አልጠፋም፤ ተመልከቺ" ብሎ አንዱን ከፈተው። ረውዳ ፀጉሯን እየነሰነሰች ስክሪኑን ሞላችው።

"ዝጋው" አልኩት። አልሰማኝም። "ዝጋው፣ ዝጋው" እያልኩ በሁለት እጄ ስክሪኑን ልሸፍን ሞከርኩ። ደንግጦ ማውሱን ሲፈልግ፣ ከኋላዬ የቆመ አንድ ሰው በረጋ ድምፅ፣ "ይቺ የሾኔው የሐጂ ከድር ምራት አይደለችም እንዴ?" አለ።

ዞር ብዬ አየሁት። የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ሾኔ ሠርጉ ላይ በወንዶቹ በኩል አይቼዋለሁ። ዓይኑን ከእኔ አነሳና ስልኩን ይጠብቅ ጀመር። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም።

ዲስኬንና አዲሱን ቅጂ ይዤ ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ዓይኔ እያየ አጠፋልኝ። ቀጥታ የሄድኩት ጋሽ ሻሜቦ ቤት ነው። አርጅተው በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ይቀመጡ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ "መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?" አሉኝ።

"የቱ መኪና?"

"የሾኔው። እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ሰውየው ካንቺ በፊት እንዳይደርስ።"

በአንጋጫና በዱራሜ አድርጌ ከሰዓት በኋላ ሾኔ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። እትዬ ዘይነባ ሲያዩኝ ቪዲዮው ያለቀ መስሏቸው ፊታቸው በራ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው።

"ስንት ወንድ አየው?"

"ባለሙያውን ጨምሮ አምስት ያህል።"

"ማንን አዩ?"

"ረውዳን።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ዲስኩ የተሰበረ ቀን ለምን አልደወልሽልኝም?"

"ፈራሁ።"

"እኔን ፈርተሽ ነው ባዕድ ወንድ ፊት ያቆምሻት?" አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ሻሜቦ እንደፈሩት የመለዋወጫ ነጋዴው ቀድሞኛል። በስልክ። የረውዳ ባል በከባድ መኪና ሥራ ሩቅ አገር ነበር፤ እኔ መንገድ ላይ እያለሁ ወሬው ደርሶት ኖሯል። ያን ዕለት ባልና ሚስቱ በስልክ ተጣሉ፤ በማግስቱ ረውዳ ጃጁራ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌዎች ገብተው እስክትመለስ ከወር በላይ ቆየች። ያ ወር በእኔ ነው የመጣባት። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማዋረድ ብዬ አይደለም፤ የሆነው ይኸው ስለሆነ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ላፕቶፔንና የዳነው ሥራ ያለባቸውን ሁለት ዲስኮች ይዤ፣ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ጃጁራ ሄድኩ። ረውዳ ቀና ብላ አላየችኝም። እሷ ያለችባቸውን ፋይሎች ለይቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት። "አንቺው አጥፊያቸው" አልኳት። በየትኛው ቁልፍ እንደሚጠፋ አሳየኋት፤ አንድ በአንድ፣ ከሁለቱም ዲስክ አጠፋች። ስትጨርስ፣

"ሌላ ቦታ የለም? እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

አዎን ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የሰውየው ኮምፒውተር ትዝ አለኝ። የጠፋ ፋይልን መልሶ ማውጣት የዕለት እንጀራው ነው።

"አጥፍቶታል፤ ቆሜ አይቻለሁ" አልኳት። "እርግጠኛ ግን አይደለሁም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። "እኔም አልሆንም እንግዲህ" ብላ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

የሰሚራን ቪዲዮ የጨረስኩት ሾኔ፣ እትዬ ዘይነባ ቤት ነው። እሳቸው ናቸው እንዲህ ይሁን ያሉት። ኮምፒውተሩን በሚኒባስ ጭኜ ወሰድኩና ዘጠኝ ቀን ከሴቶቹ ክፍል ሳልወጣ ሠራሁ። ሰሚራ አጠገቤ ተቀምጣ የሚቆረጠውን ትነግረኛለች። አክስቶቿ እየገቡ፣ "እኔን አውጪኝ"፣ "እኔን ተዪኝ" ይላሉ። ከሠራኋቸው ሁሉ በጣም የታረመው ሥራ እሱ ነው፤ ረውዳ ግን የለችበትም። ጭፈራው መሃል ሴቶቹ ሁሉ እየሳቁ ወደ አንድ ባዶ ቦታ ያያሉ።

ከዚያ ወዲህ የሴቶቹን ወገን ከሚያስቀርጹኝ ቤተሰቦች ስልክ አልመጣልኝም። ዓመታት አለፉ። የካቶሊኮቹን፣ የፕሮቴስታንቶቹን ሠርግ፣ ምረቃ፣ የቢሮ ስብሰባ ቀረጽኩ። አሠራሬን ግን ከሥሩ ለወጥኩ። በሁለት ካርድ ላይ እኩል የሚቀርጽ ካሜራ ገዛሁ። ካርዱ ከካሜራው እንደወጣ ጎኑ ላይ ያለችውን መቆለፊያ አወርዳለሁ። ሁለት ቅጂ በሁለት ቤት ሳይቀመጥ ካርድ አላጠፋም። ዲስኩን በይለፍ ቃል እቆልፋለሁ፤ ቢሰረቅም ቢሰበርም ያለ እኔ ማንም አይከፍተውም። ኤዲት የማደርግበትን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ለየሁት፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ሳይጠይቃችሁ ፋይል ወደ ውጭ ይልካልና። ዩፒኤሱን በየሦስት ወሩ ሶኬቱን ነቅዬ እፈትነዋለሁ። እነዚህን ስነግራቸው ወጣቶቹ፣ "እትዬ ማርታ፣ አበዛሽው" ይሉኛል። አዎ፣ አበዛለሁ።

ሥራ ልተው አንድ ዓመት ሲቀረኝ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

"ረውዳ ነኝ፤ ከሾኔ" አለች። እጄ ላይ የነበረውን አስቀመጥኩ። "ታናሽ እህቴ እዚህ እኔ ዘንድ ሆና ልታገባ ነው። ሴት ቀራጭ ፈልገን አጣን።"

"ሌላ ሰው ልፈልግልሽ እችላለሁ" አልኳት።

"አንቺ ነይ። ግን እኔ በምልሽ ነው የሚሆነው።"

የሠርጉ ቀን ጠዋት እንደ ጀማሪ ባትሪውን ደጋግሜ አየሁ። በሩ ተዘጋ። ረውዳ መሃል ገባች፤ ወደ ካሜራው አየች፣ ጥቂት ቆማ አሰበች፣ ከዚያ ሻርፗን አወለቀች። ማዳመጫዬ ውስጥ የእሷን ግጥምና የሴቶቹን ሳቅ እየሰማሁ ቀረጽኩ። ሥራዬን ስጨርስ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

"ካርዶቹን።"

ሁለቱንም አውጥቼ ቆለፍኳቸውና መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። በመሃረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከተተቻቸው። "ማክሰኞ ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ነይ፤ እዚሁ ትሠሪዋለሽ" አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ምሳ ግን ራሷ አቀረበችልኝ፤ አጠገቤም ተቀምጣ በላች።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከሠርግ ስመለስ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ በየፌርማታው እየደነገጥኩ ነበር የምመጣው። ያን ዕለት ዱራሜን ስናልፍም አላየሁ፣ አንጋጫንም አላየሁ። ሆሳዕና ስንደርስ ከጎኔ የነበረች ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችኝ። ቦርሳዬ ከእግሬ ሥር ተንሸራቶ መተላለፊያው ላይ ወድቋል።

"እንዲህ ጥለሽው ትተኛለሽ?" አለችኝ። "ቢሰርቁሽስ?"

"ግድ የለም" አልኳት። "ውስጡ ካሜራ ብቻ ነው።"